ኮሌክሽን ካሴትን ካታሎግ ማድረግ፦ በጅማ ላሉ ቤተ መጻሕፍት የአሠራር መመሪያ

ቤተ መጻሕፍት ገብቶ «ኮሌክሽን ቁጥር ሦስትን አምጡልኝ» የሚል ሰው እምብዛም የለም። ሰው የሚመጣው ዘፈን ፈልጎ ነው። «ያ እናቴ የምትወደው የሰርግ ዘፈን» ይላል። ወይም አዝማቹን ያንጎራጉርና መልስ ይጠብቃል። ካታሎጋችን ግን «የተለያዩ ድምፃውያን፣ 1 ካሴት» ብሎ ይዘጋል። አሥራ ሁለት ዘፈን፣ ስምንት ድምፃዊና ሁለት ቋንቋ በዚያች መስመር ሥር ተቀብረው ይቀራሉ።

ይህን የጻፍኩት ጅማ ውስጥ ካሴት፣ ሸክላና ሲዲ ለተረከቡ ሰዎች ነው። የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሊሆን ይችላል፣ የባህል ማዕከልም ሊሆን ይችላል። የአባቱን ካርቶን ሙሉ ካሴት የወረሰ ልጅም ይጠቀምበት። ከሁሉም በላይ አንድ ነገር ያዙልኝ። ስብስብን ስትመዘግቡ እስከ እያንዳንዱ ዘፈን ድረስ ውረዱ። ጊዜ ይፈጃል፣ አውቃለሁ። ግን ሌላ አቋራጭ የለውም።

አንደኛ፦ ካሴቱ ይዳን

ጅማ ዝናብ አይሰስትባትም። ክረምቱ ይረዝማል፣ እርጥበቱም ግድግዳ አልፎ ቁም ሣጥን ውስጥ ይገባል። እርጥበት ደግሞ የካሴት ጠላት ነው። ስለዚህ ካርቶኑን እንደከፈታችሁ ወደ መዝገብ አትሩጡ።

እያንዳንዱን ካሴት ወደ መስኮት ውሰዱትና በመሐሉ ባለው ግልጽ ፕላስቲክ በኩል ክሩን እዩት። ጤነኛ ክር ቡናማ ወይም ጥቁር ሆኖ ጠርዙ ለስላሳ ነው። ጠርዙ ላይ ዱቄት የነሰነሱበት የሚመስል ነጭ ነገር ካለ ሻጋታ ነው። እንዲህ ያለውን ማጫወቻ ውስጥ በፍጹም አታስገቡ። ማጫወቻው ይበከልና ቀጥሎ የሚገባውን ደህና ካሴት ያዳርሰዋል። ከሌሎቹ ለዩት። ደረቅ ክፍል ውስጥ አስቀምጡት። ማስክ ሳታደርጉም አትነካኩት።

ደህናዎቹ ላይ ሦስት ሥራ አለ። ክሩ ከላላ ጥርሱ ውስጥ እርሳስ አስገብታችሁ ቀስ እያላችሁ አጥብቁት። ከካሴቱ ጀርባ፣ ከጠርዙ ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ክዳኖች ስበሩ። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ሳያውቅ «ሪከርድ» ቢጫን እንኳ ዘፈኑ አይጠፋም። በመጨረሻ የመለያ ቁጥሩን ሽፋኑ ላይም ካሴቱ ላይም ጻፉ። ካሴትና ሽፋን በየቤቱ ሲቀያየሩ ነው የኖሩት። ከዛሬ ጀምሮ እንዳይለያዩ ቁጥር ያስራቸው።

ስፒከር አጠገብ ግን አታስቀምጡ። ስፒከር ማግኔት አለው።

ሁለተኛ፦ የስብስቡን ዓይነት ለዩ

ሁሉንም «ኮሌክሽን» ማለት ለምዶብናል። ለካታሎግ ግን አንድ አይደሉም።

የአንድ ድምፃዊ ስብስብ ከሆነ ዋናው መግቢያ (መዝገቡ በቀዳሚነት የሚከፈትበት ስም ወይም ርዕስ) ድምፃዊው ነው። ግጥሙን አምስት ሰው፣ ዜማውን ሦስት ሰው ሠርቶት ቢሆንም እንኳ። ኤኤሲአር2 የሚባለው የካታሎግ ደንብም የተለያዩ ሰዎች ሥራ በአንድ ዋና ድምፃዊ ሲቀርብ በድምፃዊው ስም ይግባ ይላል። አድማጩም የሚጠይቀው በዚያው ስም ነው።

የብዙ ድምፃውያን ስብስብ ከሆነ ዋናው መግቢያ ርዕሱ ነው። ሽፋኑ ላይ ፎቶው የጎላ ዘፋኝ ቢኖርም እሱን መርጣችሁ 100 ታግ ላይ አታስቀምጡት (ታግ ማለት በኮምፒውተር ካታሎግ እያንዳንዱ መረጃ የሚገባበት ባለ ቁጥር መስመር ነው፤ 100 የዋናው ሰው ስም ነው)። «የተለያዩ ድምፃውያን» የሚለውንም እንደ ሰው ስም አታስገቡ። ስም ስላልሆነ ፈላጊን ከማንም ጋር አያገናኝም።

ከየቤቱ ካርቶን በብዛት የሚወጣው ደግሞ ሰው ለራሱ ያስቀዳው ካሴት ነው። በእስክሪብቶ «ምርጥ» ወይም «ለመንገድ» ተብሎበታል፣ አንዳንዱ ጭራሽ ምንም አልተጻፈበትም። ይህን እንደ ተራ ቅጂ ንቃችሁ አትጣሉት። ያን ጊዜ ጅማ ውስጥ ምን ይደመጥ እንደነበር፣ የትኛው ዘፈን ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚሄድ የሚያሳየው እሱ ነው። የሰርግና የበዓል ቅጂም እዚሁ ይመደባል። የከፋ፣ የዳውሮና የየም ዘፈን በሰርግ ላይ ተቀድቶ ከሆነ ሌላ ቅጂ ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ ወደ ወረፋው ፊት አምጡት።

ተከታታይ ስብስብ ሲገጥማችሁ እያንዳንዱን ቁጥር ለብቻው ፍረዱ። ፈረንሳይ አገር የታተመውን «ኢትዮፒክስ» ውሰዱ። ቁጥር 1 የብዙ ድምፃውያን ስለሆነ በርዕስ ይገባል። ቁጥር 4 የሙላቱ አስታጥቄ ስለሆነ በእሱ ስም ይገባል። የተከታታዩ ስም 490 ታግ ላይ ተጽፎ ሁሉንም ያገናኛቸዋል።

ትንሿ ሸክላ ብዙም አታስቸግርም። 18 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ በደቂቃ 45 ዙር፣ በየገጹ ብዙውን ጊዜ አንድ ዘፈን ነው። ብቻ በኋላ ሲዲ ስብስብ ላይ የወጣው ዘፈን ከዚህች ሸክላ የተወሰደ መሆኑን ካረጋገጣችሁ በሁለቱም መዝገብ ላይ ማስታወሻ ጻፉ።

ሦስተኛ፦ ሙሉውን አዳምጡ

ሽፋኑን ገልብጦ መሄድ ያጓጓል። ሽፋኑ ግን ሁልጊዜ ከካሴቱ ጋር አይስማማም። አሥር ዘፈን ተጽፎበት አሥራ አንድ ይገኛል። ቅደም ተከተሉ ይቀየራል። አንዱ ዘፈን ክሩ አልቆ መሐል ላይ ይቆረጣል።

ካሴቱን ከመጀመሪያው አስነሡና ለእያንዳንዱ ዘፈን እነዚህን መዝግቡ፦ ገጹ (አንድ ወይም ሁለት)፣ ተራ ቁጥሩ፣ ድምፃዊው፣ ቋንቋው፣ የሚሰማው መሣሪያ፣ ርዝመቱ፣ አዝማቹ። ርዝመቱን በስልክ ሰዓት ለኩ። የማጫወቻው ቆጣሪ ከማሽን ማሽን ስለሚለያይ ለሌላ ሰው አይጠቅምም። «60» ተብሎ የተጻፈበት ካሴትም በየገጹ ሠላሳ ደቂቃ ይይዛል ማለት እንጂ የዘፈኖቹ ርዝመት 60 ደቂቃ ነው ማለት አይደለም።

ድምፃዊው ካልታወቀስ? ድሮ ሙዚቃ ቤት የነበራቸውን ሰዎች ጠይቁ። በባንድ የተጫወቱ አንጋፋዎችን ጠይቁ። ሁለት ሰው ለየብቻ ሰምቶ አንድ ስም ከተናገረ ማስታወሻው ላይ «በአድማጮች ጥቆማ» ብላችሁ ጻፉት። አንድ ሰው «ይመስለኛል» ካለ ግን ስሙን የስም ታግ ላይ አታውጡት። አንድ ጊዜ ካታሎግ ውስጥ የገባ ግምት እንደ እውነት ይባዛል። ሌላው ቤተ መጻሕፍት ይገለብጠዋል፣ ከዚያ ማን ይመልሰዋል?

አራተኛ፦ የስም ነገር

ሥራው የሚከብደውም የሚጣፍጠውም እዚህ ነው።

የእኛ ስም ሲመዘገብ ከራስ ስም ይጀመራል። ሙላቱ አስታጥቄ «ሙላቱ አስታጥቄ» ይባላል እንጂ «አስታጥቄ፣ ሙላቱ» አይባልም። የአባት ስም የቤተሰብ መጠሪያ አይደለምና። ኮሃ በሚባለው የቤተ መጻሕፍት ፕሮግራም ውስጥ 100 እና 700 (የተጨማሪ ሰው ስም) ታግ ላይ የመጀመሪያው ኢንዲኬተር፣ ማለትም ከታጉ ቀጥሎ የሚጻፈው መለያ አሃዝ፣ 0 ሲሆን ስሙ በራስ ስም ገባ ማለት ነው። 1 ከሆነ በቤተሰብ ስም ነው። ከውጭ ካታሎግ የቀዳችሁት መዝገብ 1 ይዞ ሊመጣ ስለሚችል አስተካክሉት።

ቀጥሎ ሞክሼ ፊደላት አሉ። ዓለማየሁ እሸቴን አንዱ በዐይኑ «ዓ»፣ ሌላው በ«አ» ይጽፈዋል። ኮምፒውተሩ ሁለቱን እንደ ሁለት ሰው ያያቸዋል። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ ጸ እና ፀ እንዲሁ ናቸው። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ሰው አንድ የኦቶሪቲ መዝገብ (የስሙን አጻጻፎች ሁሉ አንድ ላይ የሚይዝ መዝገብ) መክፈት ነው። የመረጣችሁትን አጻጻፍ 100 ላይ አድርጉ፣ የቀሩትን ሁሉ 400 ላይ ደርድሩ። የትኛውንም ብትመርጡ አልከራከርም። የመረጣችሁትን ግን አትቀያይሩ።

ጅማ ውስጥ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። ግማሹ ስብስብ አፋን ኦሮሞ ሊሆን ይችላል። ዓሊ ቢራን ተመልከቱ። የመዝገብ ስሙ ዓሊ መሐመድ ሙሳ ነው። አሮጌ ካሴት ላይ በግዕዝ ፊደል ይገኛል፣ አዲሱ ላይ በቁቤ (አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል)፣ ውጭ አገር በታተመው ላይ በእንግሊዝኛ አጻጻፍ። የቁቤ ፊደል በይፋ ሥራ ላይ የዋለው በ1991 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ከዚያ በፊት የታተመ ካሴት ላይ የተስተካከለ የቁቤ አጻጻፍ አትጠብቁ። ለእሱ የምትከፍቱት ኦቶሪቲ እነዚህን ሁሉ መያዝ አለበት። ወጣቱ በቁቤ ይፈልጋል፣ አባቱ በግዕዝ ፊደል ይፈልጋል። ሁለቱም አንድ ቦታ ይድረሱ።

በግዕዝ ፊደል የተጻፈ የአፋን ኦሮሞ ርዕስን ወደ ቁቤ ስትመልሱ በግምት አትሥሩ። ቁቤ የአናባቢን ርዝመትና የተነባቢን ጥብቀት ፊደል በመድገም ያሳያል። የእኛ ፊደል አያሳይም። ስለዚህ ከግዕዙ ጽሑፍ ብቻ ተነሥቶ ትክክለኛውን ቁቤ ማወቅ አይቻልም። ዘፈኑን ሰምቶ የሚጽፍ፣ ቋንቋው አፉን የፈታበት ሰው አጠገባችሁ ይቀመጥ።

የስም ለውጥም አለ። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ከመመንኮሳቸው በፊት የውብዳር ገብሩ ነበሩ። «ጽጌ» በ«ፅ»ም ይጻፋል። የቀድሞው ስም፣ ሁለቱም አጻጻፍ፣ ያለ «እማሆይ» የተጻፈውም 400 ላይ ይግባ።

ባንዱን አትርሱ። 710 ታግ ለዚህ ነው። ሮሃ ባንድ፣ ዋልያስ ባንድ፣ ዳህላክ ባንድ ብሎ የሚፈልግ ሰው ብዙ ነው። ሽፋኑ ላይ ግጥም፣ ዜማና ቅንብር ተለይቶ ከተጻፈም ሁሉንም መዝግቡ። አቀናባሪ ሁልጊዜ ይረሳል፣ መረሳት ግን አይገባውም።

አምስተኛ፦ ርዕስና አዝማች

ሰው ዘፈንን በርዕሱ አያውቀውም። በአዝማቹ ነው የሚያውቀው። ካሴቱ ላይ ርዕሱ የሴት ስም ሆኖ፣ ከተማው በሙሉ ዘፈኑን በአዝማቹ ሁለተኛ ስንኝ ይጠራዋል። ስለዚህ ከርዕሱ ጎን የአዝማቹን የመጀመሪያ ሦስት አራት ቃላት እንደ ሌላ ርዕስ አስገቡ። አንዲት መስመር ናት፣ ግን ከሁሉም በላይ ፈላጊን የምትረዳው እሷ ናት። ርዕስ ላልተጻፈበት ዘፈንማ አዝማቹ ራሱ ርዕስ ይሆናል፣ በካሬ ቅንፍ ውስጥ።

አንድ ርዕስ የብዙ ሰው ሲሆንም አለ። ለምሳሌ «ትዝታ»። ያልዘፈነው የለም ማለት ይቻላል። «ትዝታ» ብላችሁ ብቻ ከተዋችሁት ሃያ መዝገብ ይመጣና ፈላጊው ይጠፋበታል። ከርዕሱ ቀጥሎ በቅንፍ የድምፃዊውን ስም ጨምሩ። በተጨማሪም ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የቅኝት ስሞች ናቸው። ርዕሱ «ትዝታ» ስለሆነ ብቻ የቅኝት ታግ ላይ ትዝታ ብላችሁ አትሙሉ። ቅኝት በጆሮ የሚለይ ሰው ካላረጋገጠው ባዶ ይሁን። ግጥምና ዜማው «የሕዝብ» ከተባለም እንዲሁ ጻፉት፤ የድምፃዊውን ስም የደራሲ ቦታ ላይ አታስገቡ።

መንዙማና መዝሙር

ጅማ ላይ መንዙማ ብዙ ነው። አፋን ኦሮሞ፣ አማርኛና ዓረብኛ በአንድ መንዙማ ውስጥ ሊቀላቀሉ ይችላሉ። ሦስቱንም የቋንቋ ታግ ላይ ጻፉ። ዓይነቱን «መንዙማ» በሉት፣ «መዝሙር»ንም «መዝሙር»። ሁለቱንም «ዘፈን» ሥር አትክተቱ። ባለቤቶቹ እንደዚያ አይጠሯቸውም፣ እነሱ በማይጠሩበት ስም ደግሞ አይፈልጓቸውም።

ስድስተኛ፦ ወደ ኮሃ ማስገባት

ውጭ አገር የታተመ ሲዲ ከሆነ መጀመሪያ በዜድ 39.50 (ከሌሎች ቤተ መጻሕፍት ካታሎግ መዝገብ ፈልጎ በሚያመጣው መንገድ) ፈልጉት። መዝገቡ ከተገኘ ግማሽ ሥራ ቀረላችሁ። ከዚያ የአማርኛውን ርዕስ በግዕዝ ፊደል 246 (የሌላ ርዕስ ታግ) ላይ ጨምሩ። ካልተገኘ ወይም በእጅ የተጻፈበት ካሴት ከሆነ ከባዶ ጀምሩ። ሊደሩ (የመዝገቡ መነሻ መስመር) 06 ቦታ ላይ የሙዚቃ ድምፅ ቅጂ የሚለውን ምረጡ። ንግግር ወይም ስብከት ከሆነ ሙዚቃ ያልሆነ የድምፅ ቅጂ የሚለው ነው።

ለምሳሌ በእጅ «ለመንገድ 2» የተባለ ካሴት ቢገጥማችሁ መዝገቡ እንዲህ ይሆናል፦

245፦ ለመንገድ 2
246፦ የመንገድ ዘፈኖች
264፦ [ቦታው አልታወቀም]፣ [1985 ዓ.ም. አካባቢ]
300፦ 1 የድምፅ ካሴት
500፦ ርዕሱ ካሴቱ ላይ በእጅ ከተጻፈው የተወሰደ። ለግል የተቀዳ።
505፦ ገጽ 1፦ ትዝታ / ድምፃዊቷ አልታወቀችም፤ በክራር ብቻ (5፡40) -- [የአዝማቹ የመጀመሪያ ቃላት] / የአፋን ኦሮሞ የሰርግ ዘፈን (4፡15) ... እያለ እስከ መጨረሻው
546፦ አማርኛና አፋን ኦሮሞ
541፦ የተገኘበት መንገድ፤ የሰጪው ስም ለሕዝብ በማይታይበት ሁኔታ

ልብ ያለው 505 ነው። ዘፈን ሁሉ እዚህ ይገባል፣ በመካከላቸው ሁለት ሰረዝ እየተደረገ። ሙሉው ዝርዝር ሲሆን የመጀመሪያው ኢንዲኬተር 0 ነው፤ ገና ካልጨረሳችሁ 1። ከዚያ እያንዳንዱን የታወቀ ድምፃዊ 700 ላይ ከነሙያው («ድምፃዊ») አውጡ። የዜማው ደራሲ ከታወቀ ሌላ 700 ክፈቱና ስሙን በ«ኤ» ንዑስ ክፍል፣ የዘፈኑን ርዕስ በ«ቲ» ንዑስ ክፍል ጻፉ፤ ሁለተኛው ኢንዲኬተር 2 ይሁን። ደራሲው ካልታወቀ ርዕሱንና አዝማቹን 740 ላይ አስገቡ፣ እዚህም ሁለተኛው ኢንዲኬተር 2 ነው። ሽፋኑ ላይ የአሳታሚው ቁጥር ካለ 028 ላይ ይገባል።

ዓመተ ምሕረት ላይ ተጠንቀቁ። አገር ውስጥ የታተመ ካሴት 1985 ካለ በእኛ አቆጣጠር ነው። «1985 [1992 ወይም 1993]» ብላችሁ ጻፉ። እንዲሁ 1985 ብቻ ከተዋችሁትና ፕሮግራሙ እንደ ፈረንጅ ዓመት ከቆጠረው ካሴቱ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል።

ኮሃ ከሌለ

ኤክሴል ይበቃል። መብራት ከሌለም ደብተር ይበቃል። ብቻ አንድ ረድፍ ለአንድ ዘፈን ይሁን። ካሴቱ አሥራ ሁለት ዘፈን ካለው አሥራ ሁለት ረድፍ ነው፣ የካሴቱ ቁጥር በየረድፉ እየተደገመ። ዓምዶቹ፦ የካሴት ቁጥር፣ ገጽ፣ ተራ፣ ርዕስ፣ አዝማች፣ ድምፃዊ፣ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር፣ ባንድ፣ ቋንቋ፣ ርዝመት፣ ማስታወሻ። ሁለት ድምፃዊ በአንድ ሕዋስ አትጨምቁ። እንዲህ የተያዘ ኤክሴል ነገ ማርክኤዲት በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ወደ ኮሃ ሊገለበጥ ይችላል።

መደርደሪያና ፍተሻ

ካሴትን በዲዊ ቁጥር (መጻሕፍት በርዕሰ ጉዳይ በሚደረደሩበት ቁጥር) መደርደር አይመከርም። ኮሌክሽን አንድ ርዕሰ ጉዳይ የለውም። በዓይነት ለዩና በመለያ ቁጥር ደርድሩ፣ ሸክላ ለብቻ፣ ካሴት ለብቻ፣ ሲዲ ለብቻ። ሸክላ ይቁም እንጂ አይነባበር። መደርደሪያው ከወለል ከፍ ይበል፣ ከውጭ ግድግዳም ይራቅ። ጅማ ላይ ያ ግድግዳ በክረምት ይረጥባል።

ሃያ ሠላሳ ካሴት እንደሞላችሁ ቆም በሉና ፈትሹ። ሥራውን የማያውቅ ሰው ተጠቃሚ የሚፈልግበት ኮምፒውተር ላይ አስቀምጡ። አንድ ዘፈን በአዝማቹ ይፈልግ። አንድ ድምፃዊ በ«አ» ይፈልግ፣ ከዚያ በ«ዓ»። አንድ የአፋን ኦሮሞ ርዕስ በቁቤ ይሞክር። ያልመጣውን ጻፉና 246፣ 740 ወይም 400 ላይ የጎደለውን ሙሉ። ይህን ካስተካከላችሁ በኋላ ነው ወደ ቀጣዩ ካርቶን የሚኬደው። የመረጃውን ቅጂም በየሳምንቱ በሌላ ሃርድ ዲስክ አውጡ፣ ዲስኩንም ከዚያ ሕንፃ ውጭ አስቀምጡት።